ቀይ ነጥብ የተደረገላት ፍሬ

«በላሻት?!» አለች ምላጭ።

«አንዷን ብቻ እኮ ነው!» አለች ጓደኛዋ፣ አፏን በእጇ ከድና።

ይቺን ልጅ «አይጧ» ያሏት በከንቱ አይደለም፤ ጥርሷ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ዛሬ ግን የቆረጠመችው የሰው ልፋት ነው። የምላጭ አክስት የሱፍ አበባ ታዳቅላለች። ዘይቱ ለልብ የሚስማማ ዘር ፍለጋ ስትል ባል ማግባቱን እንኳ ረስታዋለች እያሉ ጎረቤቶች ያሟታል።

ምላጭ ከትምህርት ቤት መልስ ታግዛታለች። የሱፉን ፍሬ ጫፍ በስሱ ትቆርጣለች፤ ቁራጩ ለዘይት ምርመራ ይሄዳል፣ የሚበቅለው ወገን ሳህን ላይ ተራውን ይጠብቃል። እጇ ስቶ ስለማያውቅ ነው ስሙ የወጣላት። ሲጠሯትም ኮራ ብላ ነው «አቤት» የምትለው።

ዛሬ ውጤቱ መጣና ዘይቷ ከሁሉ የበለጠው ፍሬ ሳህኑ ላይ በአጠገቧ ቀይ ነጥብ ተደረገላት። ምላጭ ጓደኛዋን ልታሳያት ጠራቻት። ለአፍታ ዞር ስትል፣ አይጧ ስልኳን እያየች እጇን ሰደደች። ቀም!

«ኧረ አታካብጂ!» አይጧ ከኪሷ የተቆላ ሱፍ አውጥታ ላጠች። «ጫፏን ቁረጪና ተኪያት።»

«የተቆላ ይበቅላል እንዴ፣ አንቺ?»

«አልበቀለም ይባላላ! ስንቱ ዘር ይከሽፍ የለ? ከነገርናት ግን እኔ ሁለተኛ እዚህ ደጅ አልደርስም። አንቺም ትባረሪያለሽ።»

ምላጭ ተቀብላ ቆረጠቻት። ወይ እጅ! ቁርጥ የበፊቷን መሰለች። አክስቷም አትለያትም።

«ምላጭዬ!» አለች አክስቷ ከጎን ክፍል፣ አፈር እያላላች። «ሙሽራዬን አምጫት እንጂ፣ አልጋዋ ተነጥፏል!»

አይጧ በሳቅ ልትፈነዳ ደረሰች። ምላጭ ግን አልሳቀችም። አክስቷ የተቆላ ፍሬ እያጠጣች ስትከርም ታያት። አሁን ካወቀች ግን ከዚያው አበባ የተፈለፈሉት የተበላችው ፍሬ እህቶች ከረጢት ውስጥ አሉ። እነሱን ቆርጦ አስመርምሮ መፈለግ ነው፤ የዘር ወቅቱም ገና አላለፈም።

የተቆላችውን ፍሬ አፏ ውስጥ ጣለቻት። ሳህኑን በአንድ እጇ፣ ከረጢቱን በሌላው ያዘች።

«ምን ልትያት ነው?» አለች አይጧ፣ ድምጿ ቀጥኖ።

«እኔማ ምንም። የምትናገሪው አንቺ ነሽ፤ እኔ አጠገብሽ ቆሜ እቆርጣለሁ። ነይ።»

በሩን በክርኗ ገፋችው።