የኢሳኩን ውሃ ማን ዘጋው?

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ እሳቱ ለሁላችንም ይበቃል። በበረዶ አገር ስለሞተ አንድ ሰው ላጫውታችሁ ነው። ወሬው ረጅም አይደለም፣ ግን ይከብዳል።

መርማሪ ቶኪኤ ጡረታ ልትወጣ ሁለት ወር ቀርቷታል። የዚያን ጠዋት በስልክ ተጠርታ ኩሮሳዋ ወደምትባለው የተራራ መንደር ስትደርስ ጉልበቷን ያማታል፤ ዓይኗም ገና እንቅልፉን አልጠገበም። ሽማግሌው ኢሳኩ ከገዛ ጣሪያው በተንሸራተተ በረዶ ተቀብሮ ተገኝቷል። መሰላሉ እንደቆመ ነው፤ አካፋው ከክምሩ ውጭ ወድቋል።

«ብቻውን የጣሪያውን በረዶ ሊጠርግ ወጥቶ ነው» አለ የመንደሩ ፖሊስ። «በየዓመቱ የሚሆን ነገር ነው፣ እመቤቴ።»

«በየዓመቱ ስለሚሆን እኮ ማንም አይጠይቅም» አለች፤ ጫማዋን አውልቃ ገባች።

የኢሳኩ ሥራ የጉዞ ዕቅድ ማውጣት ነበር። ትልልቆቹን ከተሞች ትተው የበረዶውን ገጠር ማየት ለሚሹ እንግዶች፣ የትኛውን ባቡር እንደሚይዙ፣ የት እንደሚያድሩ፣ በየትኛው ፍልውሃ እንደሚታጠቡ የሚወስነው እሱ ነው። በዚያው ቀን አሥራ ሁለት እንግዶች ጉዞ ይጀምራሉ። ዕቅዳቸው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ አምስት ሌሊት ነው፣ አራተኛውን የሚያድሩት እዚሁ መንደር፣ እትዬ ሺኖ የእንግዳ ማረፊያ ነው።

ቶኪኤ እጇን ልትታጠብ የኩሽናውን ቧንቧ ከፈተች። ጠብታ የለም። ከምድጃው አጠገብ ለራት የታጠበ ሩዝ በድስት ተዘፍዝፏል። ቆማ አየችው፤ ከዚያ የሚቀርቡትን ሰዎች አንድ በአንድ ጥሩልኝ አለች።

መጀመሪያ የገባው የሟቹ ታናሽ ወንድም ዮሺሮ ነው፤ ሞቃቱ የደቡብ ዳርቻ የሚኖር ገበሬ።

«ትናንት ጠዋት ተጣላን» አለ። «‹ቤቱን ሽጠህ እኔ ጋ ና፤ እኛ አገር በረዶ የሚባል ነገር የለም› ብለው፣ ‹አንተ ሂድና ብርቱካንህን ልቀም› ብሎ አባረረኝ። ከዚያ ወዲያ እትዬ ሺኖ ማረፊያ ነበርኩ።» ጉሮሮው ደርቆበት ኖሮ ተነስቶ ቧንቧውን አዞረ፤ ደግሞ አዞረ። «ይሄም ተበላሸ? ሰው እዚህ ምን ብሎ ይኖራል!»

የአውቶቡስ ሹፌሩ ያሱኬ ዓይኑ ቀልቷል።

«ትናንት እኩለ ቀን ላይ ሻይ አፍልቶ አጠጣኝ። ‹አውቶቡሱን እንደ በሬ ነው የምትነዳው› ይለኝ ነበር፣ ጨቅጫቃ ሽማግሌ!» ሊስቅ ጀምሮ ተወው። «ከዚያ ተሳፋሪ ይዤ ወረድኩ። መንገዱ ተዘጋና ከዘጠኝ ሰው ጋር ታች ከተማ አደርኩ።»

«ስለ ጉዞው ያለህ ነገር አለ?»

«‹አራተኛውን ሌሊት ቀይሬዋለሁ፤ አዲሱን ጽፌ ጨርሻለሁ› ብሎኛል።»

ቶኪኤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ገልበጥ አድርጋ አየችው። አንድም የተቀየረ ነገር የለም።

እትዬ ሺኖ ወገቧን ቀጥ አድርጋ ተቀመጠች።

«ትናንት አሥር ሰዓት ላይ መጥቼ ከደጅ ተጣራሁ። መልስ የለም። ሳልገባ ተመለስኩ።»

«እነዚህ እንግዶች ካልመጡ ማረፊያዎ ይዘጋል ይባላል።»

«ይባላል። የአባቴ ቤት ነው፤ ጦርነትም አልዘጋውም።»

ቶኪኤ ሦስቱንም አንድ ላይ ጠራቻቸው። ከሥሩ ማሞቂያ ባለው፣ ብርድ ልብስ በለበሰው ዝቅተኛ ጠረጴዛ ዙሪያ እግራቸውን ሰድደው ተቀመጡ።

«የዚህ አገር ሰው ከመተኛቱ በፊት ውሃውን ዘግቶ በቧንቧው የቀረውን ያፈስሳል» አለች። «አለዚያ ሌሊት በረዶ ሆኖ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል። ይህን የሚያደርገው ግን ራት በልቶ፣ ገላውን ታጥቦ ነው። የኢሳኩ ሩዝ አልተቀቀለም፤ ስለዚህ የሞተው ከራት በፊት ነው። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ሻይ ስለተፈላ ውሃ ነበረ። ታዲያ ማን ዘጋው?»

«ውሃ ይዘጋል እንዴ?» አለ ዮሺሮ።

«ይኸው፣ ወንድሙ ልማዱን አያውቅም። ያሱኬ ታች ከተማ ነበር፤ ዘጠኝ ምስክር አለው። የዘጋው፣ ማታ እዚህ ቤት እሳት የሚያነድ እንደማይኖር ያወቀ የበረዶ አገር ሰው ነው። አዲሱን ዕቅድ ወስዶ አሮጌውን ያስቀመጠውም እሱ ነው። እትዬ ሺኖ፣ ገብተው ነበር።»

ሺኖ እግሯን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጣች።

«አልገፋሁትም» አለች። «ከጣሪያው ሥር ቆመን ተጨቃጨቅን። ‹ከቤትሽ ጀርባ ተራራው ላይ ያለው በረዶ ተሰንጥቋል፤ ሊናድ ይችላል፤ የሰው ልጅ እዚያ አላስተኛም› አለኝ። ይህን እያለኝ የጣሪያው በረዶ ከላይ ወረደበት። አካፋው እግሬ ሥር ነበር። ሁለት ጊዜ በስሜ ጠራኝ።»

«እርስዎስ?»

«ቆምኩ። ድምፁ እስኪጠፋ ቆምኩ። ከዚያ ገብቼ ወረቀቱን ለወጥኩ። ልወጣ ስል ቤቱ አሳዘነኝ፤ ቧንቧው ይፈነዳል ብዬ ዘጋሁት።»

«ለቧንቧው አዘንሽ!» አለ ያሱኬ።

ቶኪኤ አልተቆጣችም፤ ቁጣም ጉልበት ይፈልጋል። ስልኳን አውጥታ ለእንግዶቹ መሪ ደወለች። «አራተኛውን ሌሊት ሌላ ቦታ ፈልጉ» አለች። ከዚያ እትዬ ሺኖን ክንዷን ይዛ አስነሳቻት።

ከእትዬ ሺኖ ቤት ጀርባ ያለው በረዶ በዚያ ዓመት አልተናደም። ሰዉም «ኢሳኩ በከንቱ ሞተ» አለ። እኔ እንደዚያ አልልም። አሥራ ሁለት ሰው ስሙን እንኳ ሳያውቅ በሰላም ተኝቶ ወደየቤቱ ገብቷል። እናንተም ልጆቼ፣ መንገድ ወጥታችሁ በሰላም ስታድሩ፣ «እዚያ አይተኙም» ብሎ የተከራከረላችሁ የማታውቁት ሰው ይኖራልና፣ እባካችሁ አስቡልኝ።