ቲዩብ የሌለው አምፕሊፋየር

ጥፋቱ የኔ ነው። ከውጭ እንዲቆልፉብኝ የፈቀድኩት እኔው ነኝ።

የሆነውን ነው የምነግራችሁ፤ ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ። ዘንድሮ፣ ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ፣ የአንድ የባህል ቡድን ዕቃ ክፍል ውስጥ። መስኮት የለውም። በሩ ብረት ነው... ጓጉንቸሩ በውጭ በኩል።

የተማርኩት ኤሌክትሪክ ነው። የመጣሁትም የሚንጣጣ የጊታር አምፕሊፋየር ልጠግን። አሮጌ ነው፤ በጀርባው አምፖል የሚመስሉ አምስት የመስታወት ቲዩቦች የሚግሉበት ዓይነት።

ክዳኑን ፈትቼ ሳልጨርስ የእድር ጡሩምባ ተነፋ።

ንብረት ጠባቂው ጋሽ ይስማው ጋቢያቸውን አነሡ።

«ተነሽ ልጄ። ቀብር ነው፣ ልቆልፍ።»

«የደብረ ታቦር መኪና አስር ሰዓት ላይ ይወጣል። እርስዎ ይሂዱ፣ እኔ ልጨርስ።»

«ክፍት ትቼ? የመንግሥት ንብረት እኮ ነው!»

«ታዲያ ይቆልፉብኛ!»

ሳቁ። «በይ እንግዲህ ርብቃ፣ አንቺንም ከንብረቱ ጋር መዘገብኩሽ።»

ቀጭ።

አምፕሊፋየሩን አበራሁት። ሽሽሽ... ጧ... ሽሽሽ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቲዩቦቹን በየተራ በእርሳስ ጫፍ መታ መታ ታደርጋላችሁ፤ የተበላሸው በስፒከሩ ይጮኻል። ሁለተኛው ጮኸ። አጠፋሁና እስኪበርድ እንኳ ሳልታገሥ በጨርቅ ይዤ ነቀልኩት። ከቦርሳዬ አዲስ አውጥቼ ሰካሁና አበራሁ።

ጸጥ አለ።

ለማረጋገጥ አዲሱን ሦስት ጊዜ መታሁት። ምንም።

እርሳሱን አስቀመጥኩ።

ኳ። ኳ። ኳ። ኳ።

አራት።

የላላ ሽቦ ነው ብዬ ሶኬቱን ነቀልኩ። ቲዩቦቹ ቀስ በቀስ መጥፋት ነበረባቸው።

እንደቀሉ ቀሩ...

ኳ። ኳ።

አሁን ለየሁት። ሰው ከውስጥ ሆኖ የብረት በር እየመታ ነው።

«ጋሽ ይስማው...» አለ ስፒከሩ በሹክሹክታ። «ይክፈቱልኝ። መኪናው ያመልጠኛል።»

ድምፁ የኔ ነው።

እኔ አፌን አልከፈትኩም።

አምስቱንም ቲዩብ በባዶ እጄ ነቀልኳቸው። ጣቶቼ ተላጡ። ያለ ቲዩብ ይህ ዕቃ ሬሳ ነው፤ አይተነፍስም።

«ይክፈቱልኝ...» አለ ስፒከሩ አሁንም።

በሩን በእርግጫ መታሁት። ጮኽኩ። ማን ይስማኝ? አገሩ ሁሉ ቀብር ላይ ነው። ስልኬ ጠዋት መንገድ ላይ ባትሪ ጨርሷል።

ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ድምፁ አላቆመም። የተወለድኩበትን ሰፈር ነገረኝ። የእናቴን ስልክ ቁጥር፣ አንድ በአንድ፣ ሳይሳሳት ጠራው።

ልበልጠው ፈልጌ እኔም በልቤ ልጠራው ሞከርኩ።

ዜሮ ዘጠኝ...

ቀጣዩ ጠፋኝ።

ዕድሜ ልኬን የማውቀው ቁጥር! ሰፈሩንስ... አሁን ነገረኝ አይደል? ምን ነበር ያለው?

ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፈንኩ። እንዲያም ሆኖ ይሰማኛል።

ከምን ያህል ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ፣ ጓጉንቸሩ ተንቀጫቀጨ። ብርሃን ገባ። ጋሽ ይስማው በሩ ላይ ቆመዋል፣ ጫማቸው አፈር ብቻ ሆኖ።

«ጨረስሽ ልጄ?»

ተነሥቼ ወደ እሳቸው ስዞር ስፒከሩ ከጀርባዬ ጮኸ።

«ጋሽ ይስማው! እኔ እዚህ ነኝ! እሷን እንዳያወጧት! የመዘገቡት እኔን ነው!»

ሽማግሌው ባዶውን አምፕሊፋየር አዩ። እኔን አዩ።

«ርብቃ...» አሉ በሹክሹክታ። «የእናትሽ ስም ማን ነው?»

አፌን ከፈትኩ፤ ስሙ ጠፋኝ።

ከኋላዬ ያለው ድምፅ እያለቀሰ፣ ቀድሞኝ መለሰ።

ቦርሳዬን አነሣሁ።

«መኪናው ያመልጠኛል» አልኳቸው፤ በጎናቸው አልፌ ወጣሁና የብረቱን በር በድምፁ ላይ ዘጋሁት።