የአድባሩ ፍልጥ

ንጋቱ ጠዋት ጠዋት እንጨት ይፈልጣል። በዚህች ብርዳም የመንዝ ከተማ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ ፊትን እንደ መታጠብ ያለ ነገር ነው፤ እጅጌውን ይሰበስባል፣ ግንዱን ድንጋይ ላይ ያጋድማል፣ በመጋዝ ይቆርጣል፣ የቆረጠውን በመጥረቢያ ፈልጦ ከጓሮው ግድግዳ ጋር ይደረድራል። ሰሞኑን ግን እንጨቱ የዋዛ አልነበረም። ሚስቱ ትርንጎ ወንድ ልጅ የተገላገለችው በሰባት ወሯ ነው። ከሆስፒታል ሲወጡ ነርሷ ደጋግማ የነገረቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ ከበረደው አይተርፍም።

ግንዱ የተገኘው በነፃ ነው። መንገድ ሠሪዎቹ ከገበያው በላይ የነበረውን ትልቁን ጥድ ጥለው፣ ከቆራረጡት በኋላ የፈለገ ይውሰድ ብለው ሄዱ። የወሰደ ሰው የለም። ጥዱ የሰፈሩ አድባር ነበር፤ ሰዉ ከአባት ከአያት ጀምሮ ግንዱን ቅቤ እየቀባ፣ ከሥሩ ንፍሮ እየበተነ፣ ልጁንና ከብቱን አደራ ሲለው የኖረ ዛፍ ነው። ከወደቀ በኋላ እንኳ ሴቶቹ በአጠገቡ ሲያልፉ ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ ያዘቀዝቃሉ። ንጋቱ ይህን አጥቶት አይደለም። እሱ ራሱ ስንቴ ቅቤ ቀብቶታል። ብቻ የነርሷ ቃል ከጆሮው አልወጣ ስላለው ጋሪ ለምኖ ጫነው።

«አድባር ቢሆንስ በሕፃን ይጨክናል?» አላት ትርንጎን።

መልስ የሰጡት ገንፎ እያገነፉ አራሷን የሚያስታምሙት ጎረቤታቸው እትዬ ድንቅነሽ ናቸው።

«እንግዲህ አምጥተኸዋል። ፍለጠው። ቤት ውስጥ ግን ስሙን አትጥራው።»

ገና መጀመሪያ መጋዙን ሲስብ ድምፁ ሌላ ሆነበት። ደረቅ ጥድ ሲቆረጥ ይጮኻል፤ ይሄኛው መጋዙን ዝም ብሎ ይውጠዋል፣ እርጥብ ፍራሽ የሚቆርጥ ነው የሚመስለው። የጥድ ሽታም የለውም። ከልጡ ሥር እስከ እንብርቱ ድረስ የሚወጣው የቆየ ቅቤ ሽታ ነው፣ ለጋ ሳይሆን ከርሞ የከረፋ፤ ሰጋቱራውም እየወዛ ጣቱ ላይ ይለጠፋል። ከላይ የተቀባ ቅቤ ያን ያህል ወደ ውስጥ መዝለቁ ገርሞት ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ ሥራውን ቀጠለ።

እሳቱ ግን ምን ይወጣለታል። አይንጣጣም፣ አይጨስም፤ ነበልባሉ ሳይወዛወዝ ቀጥ ብሎ ይነዳል፣ ፍሙም ከማታ እስከ ጠዋት አይከስምም። ሌት ተቀን ሲነጫነጭ የነበረው ልጅ በዚያው ምሽት ዝም አለ። ትርንጎ ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳት። እትዬ ድንቅነሽም ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለው ተመስገን አሉ።

በማግስቱ ንጋቱ የመጋዙ እጀታ ላይ ደም አየ። ደሙን ተከትሎ ሲያይ አውራ ጣቱ እስከ አጥንቱ ተቆርጧል። አላመመውም። ብርዱ አደንዝዞት ይሆናል ብሎ በጨርቅ አሰረውና ወደ ግንዱ ተመለሰ። ውሎ ሲያድር መጥረቢያውን መያዝ አለመያዙን ለማወቅ እጁን ማየት ግድ ሆነበት፤ ከዚያ ክንዱ፣ ከዚያ ጉልበቱ እንዲሁ ሆኑ። ደግሞ ሌላም ነገር ነበር። ልጁ ይሞትብኝ ይሆን እያለ እንቅልፍ ያጣበት ጭንቀት ቀስ እያለ ለቀቀው። ልጁ ሊሞት እንደሚችል ዛሬም ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን ቅዳሜ ገበያ እንደሚውል በሚያውቅበት ዓይነት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፍልጥ ታቅፎ ሲገባ ትርንጎ ልጁን ጭኗ ላይ አስተኝታ ታየዋለች።

«ንጋቱ፣ ልጁ ሞቆታል?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ያቀፍሽው?»

«እጄ አይለይልኝም» አለች፣ ስለ ሰው ቤት ነገር እንደምታወራ ሁሉ ረጋ ብላ። «ጡቴን ሲይዘውም አይታወቀኝም። ጉሮሮውን እያየሁ ነው የጠባ አልጠባ የምለው። ዛሬ ደግሞ ጉሮሮውም ሲንቀሳቀስ አልታየኝም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ይሄ እሳት ከነደደ ወዲህ። እኔ ድካም መስሎኝ።»

ልጁን ተቀበላት። ክብደቱ አልታወቀውም። እጁን ትቶ ከንፈሩን ግንባሩ ላይ አሳረፈ፤ ሙቀትም ብርድም የለም፣ ጨርቅ ይሁን ቆዳ እንኳ መለየት አልቻለም። የልጁ ዓይኖች ተከድነዋል። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይል እንደሆነ አፍጥጦ አየ፤ በድርብርብ ፎጣ ተጠቅልሎ ምኑ ይታያል። መፍራት እንዳለበት ያውቃል፣ ቆሞም ጠበቀው፤ ፍርሃቱ ግን አልመጣም።

እትዬ ድንቅነሽ የገንፎውን ድስት ይዘው ገቡ።

«እትዬ፣ እስቲ ልጁን ዳሰስ ያድርጉልን» አላቸው። «እኛ እጃችን ደንዝዟል።»

ሴትዮዋ ለምን ብለው አልጠየቁም። ድስቱን ጉልቻው ላይ ጥደው፣ በግራ እጃቸው ተደግፈው ምድጃው ዳር ቁጭ አሉ፤ ንጋቱ ልጁን ጭናቸው ላይ ሲያስተኛላቸው ቀኝ እጃቸውን በፎጣው ውስጥ አሾልከው ወደ ደረቱ ሰደዱ። ትርንጎ አፋቸውን ታያለች። ንጋቱን የሚያርር ነገር ሸተተው፤ ገንፎው ነው ብሎ ተወው።

«ኧረ ደህና ነው ልጆቼ» አሉ እትዬ ድንቅነሽ በመጨረሻ፣ ፈገግ ብለው። «ሙቅ ነው። ልቡም ቱር ቱር ይላል፣ ይኸው በእጄ።»

ትርንጎ እፎይ ብላ ወደ ትራሷ ተደገፈች። ንጋቱም እፎይ ሊል እያለ ድስቱን ላውጣው ብሎ ወደ ምድጃው ጎንበስ ሲል፣ እትዬ ድንቅነሽ ሲቀመጡ የተደገፉበት ግራ እጃቸው እስከ አንጓው ፍሙ ውስጥ ገብቶ አየ፤ እሳቸው አሁንም ፈገግ እንዳሉ ተደግፈውበታል።