ከሞተሩ እስከ በርሜሉ የነጠበ ዘይት

የጀልባ ሞተር ጠጋኙ ሰውዬ በማለዳ ጋራዡ ውስጥ በጀርባው ወድቆ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱን የሥራ ጠረጴዛው ላይ የተተከለው የብረት መቆንጠጫ ሞርሳ መትቶታል፤ የጫማው ሶል ጥቁር ዘይት ነክቷል።

መርማሪዋ ስትደርስ የሟቹ ታናሽ ወንድም ታስሮ ነበር። ያሳሰረው ሞተሩን ለጥገና ያመጣው ባለጀልባ ነው።

«ትናንት በጆሮዬ ሰማሁት! ‹ይቺን ሞተር ብትነካ ወዮልህ!› ብሎ በወንድሙ ላይ ጮኸ። ዘይቱን ያፈሰሰው እሱ ነው።»

«ሲያፈስ አይተዋል?»

«ኧረ አላየሁም።»

«እንግዲያው ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ።»

ተንበርክካ ሊሾውን አየች። ጠብታው ከሞተሩ ሥር ተነስቶ በሩ አጠገብ እስካለው የቆሻሻ በርሜል ይሄዳል። በርሜሉ ውስጥ አሮጌ የዘይት ፊልትሮ በዳቦ ፌስታል ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ ታስሮ ተጥሏል።

የሟቹ ሚስት እጆቿን ሽርጧ ውስጥ ሸሽጋ በሩ ላይ ታለቅሳለች።

«ባለቤትዎ ዘይት ሲቀይሩ ያንጠባጥቡ ነበር?»

«እሱ? ሃያ ዓመት ሙሉ ይሄ ሊሾ ጠብታ አያውቅም! መጀመሪያ ፊልትሮውን ፌስታል ያለብሰዋል፣ በላስቲክ ያስረዋል፣ ከዚያ ይፈታዋል። የሚወርደው ዘይት እዚያው ፌስታሉ ውስጥ ይቀራል።»

«ይሄንን ማን ቀየረው?»

«እኔ እንጃ… እኔ ወደዚህ ዝር አላልኩም።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወንድምየው እጁ በካቴና እንደታሰረ መጣ። መርማሪዋ የዳቦ ፌስታል ውስጥ ውኃ ጨመረች። ፌስታሉ ውኃውን እንደ ወንፊት አወረደው።

«ዳቦ ቤቶች ዳቦው እንዳያልበው ይበሱታል። ሟቹ ይህን ያውቁ ነበር፤ እዚህ ግድግዳው ላይ ባለው ሚስማር የሰቀሏቸው ፌስታሎች ሁሉ ወፍራምና ድፍን ናቸው። ስለዚህ የቀየሩት እሳቸው አይደሉም።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «አንተስ እንዴት ነው የምትፈታው?»

«ከሥር ጣሳ አደርጋለሁ። እንዲያውም ‹ለሞተሩ ዳይፐር አስታጠቅከው› እያልኩ እስቅበት ነበር።»

«እኔ የሞተሩ ክዳን በየት እንደሚከፈት እንኳ አላውቅም» አለ ባለጀልባው ሳይጠየቅ።

«ይህን የሠራው ሰው በየቀኑ ያየ እንጂ የተማረ አይደለም። ፌስታል መታሰሩን አይቷል፤ የትኛው ፌስታል እንደሆነ ግን ማንም አልነገረውም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እመቤት፣ ማን እንደቀየረው ነበር የጠየቅኩዎት። ያልጠየቅኩዎትን መለሱልኝ። እጅዎን ያሳዩኝ እስቲ።»

ሴትዮዋ እጆቿን አወጣች። ጥፍሮቿ እስኪደሙ ተፈግፍገዋል፤ ሥራቸው ግን አሁንም ጥቁር ነው።

«የባሌ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር» አለች። «ደንበኛ ሳያይበት ብዬ ጎህ ሲቀድ ቀየርኩለት። ገና ድንግዝግዝ ስለነበር መንጠባጠቡን ልብ አላልኩም፤ እሱ ሲገባ አዳለጠው። ደስ ይለዋል ብዬ እኮ ነው…»

«ታዲያ ወንድሙ ሲታሰር ምነው ዝም አሉ?»

«‹ሚስቱ ናት የምትሠራለት› እንዳይሉት። የሞተውን ስም ላድን ብዬ በቁም ያለውን አሳልፌ ሰጠሁ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ፈታ። ወንድምየው ካቴናው የተጫነውን የእጁን አንጓ እያሸ ወደ እሷ ቀረበ። እሷ ለስድብም ለጥፊም ተዘጋጅታ አንገቷን ደፋች።

«እትዬ፣ እኔም የጮህኩበት እኮ ስለ እጁ ነው» አላት። «ትናንት ብትነግሪኝ እኔ እቀይርለት ነበር።»

ቢቆጣት ትችለው ነበር፤ ይህን ግን አልቻለችም። ማንም ሳያዛት ቀድማ ወጥታ ወደ ፖሊሶቹ መኪና ሄደች።