የጳጉሜን ማኅተም

«ይኸው፣ የጳጉሜኑ» አለ የክፍል ጓደኛዋ ኤልያቄም፣ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ጣል እያደረገ።

ለንሳ ወዲያው ቀና አላለችም። ከትምህርት በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ አሮጌ ፖስታ በማጉሊያ መነጽር ስትመረምር ስንት ሳምንት እንደሆናት እሷም ረስታዋለች። አንገቷ ደርቋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጌዶ ወዲያ ባለች አንዲት ትንሽ ፖስታ ቤት፣ ድሮ የብረቱ ማኅተም ተሰብሮ ለጥገና ሲሄድ፣ ለጊዜው በላስቲክ ማኅተም ተሠርቶ ነበር። ያ ማኅተም ያረፈበት ፖስታ ጥቂት ነው፤ የጳጉሜኑ ደግሞ ጭራሽ ተገኝቶ አያውቅም። በአምስት ቀን ውስጥ ስንት ሰው ደብዳቤ ይልካል? ቲቸር ወርቅቱ ታዲያ «እሱን ካገኛችሁ ፖስታዎቹን የለጠፋችሁበት ሰሌዳ አዲስ አበባ ኤግዚቢሽን ይሄዳል፤ ካላገኛችሁ የባኮ ትምህርት ቤት ልጆች ሰሌዳ ይሄዳል» ብለዋቸዋል። ሰሌዳው የሚታየው ነገ ጠዋት ነው።

ለንሳ ፖስታውን አነሣች። የማኅተሙ ክብ፣ የከተማዋ ስም፣ ሐምራዊው ቀለም፣ ሁሉም ልክ ነው። ቀን 3፣ ወር 13። ልቧ ድንግጥ አለ። 13ቱን ደግማ አየችው። በማኅተም የታተመ ነው።

ደስታዋ እዚያው ቀረ።

ቅዳሜ ኤልያቄም ኳስ ሲጫወት፣ እሷ ብቻዋን በሚኒባስ ፖስታ ቤቷ ድረስ ሄዳ ነበር። ሠራተኛዋ ወይዘሮ ፀዳለ ያንን አሮጌ የላስቲክ ማኅተም ከመሳቢያ አውጥተው ሰጧት። የወሩን ቁጥር በጣቷ አዞረችው፤ ከ12 ቀጥሎ 1 ነው። ውጭ አገር የተሠራ ማኅተም ጳጉሜንን ከየት ያውቃታል?

«ታዲያ በጳጉሜን ምን ታደርጉ ነበር?»

«ማል ጎና ልጄ፣ ምን እናደርጋለን፣ ወሩን በእስክሪብቶ እንጽፋለና።»

ይህንን ለኤልያቄም አልነገረችውም። ደክሟት ስለነበር ነገ ነገ ስትል ቀረ።

«ከየት አመጣኸው?» አለችው አሁን፣ ፖስታውን እንደያዘች።

«ከአጎቴ ሳጥን።»

«ኤልያቄም፣ ማኅተሙ 13 የለውም። በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ።»

ጫማውን ማየት ጀመረ። «ማኅተም የሚቀርጽ ልጅ ጋ አሠርቼ ነው። ከአንቺ በቀር ፎርጅድ መሆኑን የሚለይ የለም።»

«ለምን እንዲህ ታደርጋለህ?»

«አቦ፣ ሲደክምሽ እያየሁ ነዋ። በየቀኑ ዓይንሽ ደም መስሎ ነው የምትመጪው። አሳዘንሽኝ።»

የባሰው ይሄ ሆነባት። ለራሱ ብሎ ቢዋሻት ኖሮ ትጮኽበት ነበር፤ አሁን መቆጣትም አቃታት። ደግሞም እውነቱን ነው፣ ደክሟታል። ለጥፋው ቤቷ ሄዳ መተኛት አማራት። አዲስ አበባንም አይታ አታውቅም። ማጣበቂያውን አነሣች፤ ክዳኑን ከፈተች፤ ሰሌዳው መሃል የተተወውን ክፍት ቦታ ትክ ብላ አየችው።

ክዳኑን መልሳ ገጠመችና ፖስታውን ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

«ምን ልታደርጊው ነው?»

«ለእኔ ብለህ አይደል ያሠራኸው? እኔ ጋ ይቀመጣል።»

ከዚያ እስክሪብቶ አንሥታ ክፍት ቦታው ላይ ጻፈች፦ «ጳጉሜን። ወሩ በእጅ የሚጻፍ። አልተገኘም።»

«አዲስ አበባስ?» አለ ኤልያቄም ቀስ ብሎ።

«የባኮዎቹ ይሂድ።» ሰሌዳውን በአንድ ጫፍ ከፍ አደረገችው። «ና ያዝልኝ እስቲ፣ ለብቻዬ አልችለውም።»