የእመት በረዶ ቅጠሎች

ቤተ ሙከራው ውስጥ «እመት በረዶ» ነበር የሚሏት። የበረዶ ሳጥኗን ሳታቅፍ ከክፍል ክፍል አትንቀሳቀስማ። የምታጠናው ድርቅ በሚችል ተክል ቅጠል ውስጥ ያለ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይም ደግሞ አመሉ ክፉ ነው፤ ትንሽ ከሞቀው ሥራውን አቁሞ አረፈ ማለት ነው።

አብሯት የሚማር አንድ ወጣት ከፊት ለፊቷ ተቀምጦ ከከብት ደም ዲኤንኤ ያወጣል። «ደመኛው» የሚል ስም ወጥቶለታል። ዝንብ እሽ የማይል ሰው ነው፤ ስሙ ግን ተጣብቆበት ቀረ።

አንድ ቀን በረዶ መሥሪያው ማሽን ውስጥ በተረፈችው በረዶ ላይ እኩል ደረሱ። እሱ ለቀቀላት። በማግስቱ ሳጥኗ ሞልቶ ጠበቃት፤ ከዚያ ወዲያም ሞልቶ ያላገኘችበት ማለዳ የለም። ማን እንደሚሞላው አልጠየቀችም። ቀና ስትል ቶሎ ብሎ ወደ ሥራው የሚያጎነብስ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ወደደችው፤ እሱስ ቀድሟት ነበር።

ችግሩ የመጣው ከቤት ነው። እናቷ የአልጋ ቁራኛ ሆነዋል። ብቻውን የሚያስታምማቸው ታላቅ ወንድሟ፣ ዘንድሮ ካልጨረሰች ትምህርቱን ጥላ እንድትመጣ ቁርጡን ነግሯታል። ስለዚህ ተስፋዋ ሁሉ ስንት ወር ባሳደገቻቸው ችግኞች ላይ ነበር።

ቅጠሎቹን ለቅማ፣ ፈጭታ፣ በትንንሽ ቲዩቦች ሞልታ እንደጨረሰች ስልክ ተደወለላት። እናቷ ብሶባቸዋል። ሳጥኑን በደመኛው እጅ ላይ አስቀምጣ፣ «አደራህን» ብላው እያለቀሰች ወጣች።

ልቡ አብሯት ሄደ። እጁ ግን የለመደውን ሠራ። እሱ የተፈጨ ነገር የያዘ ቲዩብ ሲያገኝ የሚቀጥለው ሥራው ሙቅ ውሃ ውስጥ መክተት ነው፤ ዲኤንኤ ከተደበቀበት የሚወጣው እንዲያ ነውና። ቲዩቦቿን ከተታቸው። ነፍሱን ሲያውቅ ረፍዷል። ወደ በረዶው መለሳቸው።

በዚያው ቀን መብራት ጠፍቶ ቲዩቦቹ ያደሩበት ማቀዝቀዣ ሞቀ። እናቷ ትንሽ ሲሻላቸው ተመልሳ ኢንዛይሙን ስትለካው ሕይወት የለውም። ሁሉም መብራቱን ረገመ። እሱም ዝም አለ። አደራ በላነቱ እንቅልፍ ነሳው።

እሷ ለካች፣ ደግማ ለካች፤ አልሆነም። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጣ «የዚህ ተክል ኢንዛይም ደካማ ነው» ብላ መጻፍ ጀመረች። በትከሻዋ በኩል አየው። ከዚህ በላይ አልቻለም።

«ተክሉም አይደለም፣ መብራቱም አይደለም» አላት። «እኔ ነኝ። ሙቅ ውሃ ውስጥ ከተትኳቸው።»

መጻፉን አቆመች።

«ይሄን ሁሉ ቀን ሳለቅስ አጠገቤ ነበርክ።»

«ነበርኩ። እንዳላጣሽ ፈራሁ።»

ካፖርቷን አንስታ ወጣች።

በማግስቱም ሳጥኗን ሞላው። አልመጣችም። በረዶው ቀልጦ ውሃ ይሆናል፣ እሱ ይደፋዋል፣ ደግሞ ይሞላዋል። ወደ ወንድሟ ሄዳለች፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ብሎ ቁርጡን ተቀበለ።

ሳምንት አልፎ ፊቷ አባብጦ መጣች። ሳጥኑን አየችው፤ ሞልቷል። አማካሪዋን አነጋግራ ነበር። ኢንዛይሙ ቢሞትም፣ የሚሠራበትን መመሪያ የያዘው ዘረመል ከዲኤንኤው ሊፈለግ ይችላል ብለዋታል። ወንድሟም እየተነጫነጨ ጥቂት ወራት ጨምሮላታል።

«ቲዩቦቹ ውስጥ ዲኤንኤው ተርፏል?»

«ተርፏል። ያ ሙቀት አይገድለውም።»

«እኔ ማውጣቱን አልችልበትም።»

«አሳይሻለሁ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ ማለት አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

የጓንቱን ካርቶን ወደ እሱ ገፋችለት፤ የራሱ ዲኤንኤ ከቅጠሏ ጋር እንዳይቀላቀል። ጎን ለጎን ቆመው ሠሩ። እሱ በቃል ይነግራታል፣ እሷ ትጨምራለች። ስለ ሥራው ካልሆነ በቀር አልተነጋገሩም። አንዴ ክንዳቸው ሲነካካ እሱ ራቅ አለ፤ እሷ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

ቲዩቦቹን ሙቅ ውሃ ውስጥ መክተት ሲቀር እጁን ሰበሰበ። ቢያንስ ይሄን እሷ ታድርገው ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ቲዩቦቹን ከነመደርደሪያቸው አንስታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«አንተ ክተታቸው» አለችው።