የፊት ፍሬን

የአረንጓዴው ሳይክል የፊት ፍሬን ሽቦ አልገባ አላት። ያኔት ጫፉን በጣቶቿ ጠምዝዛ እንደ መርፌ ክር ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ሦስቱንም ጊዜ የፍሬኑ መያዣ አፍ ላይ ሲደርስ ተጣጠፈ። እጇ በግራሶ ጠቁሯል። ዓይኗ እንቅልፍ በማጣት ይለበልባታል።

«ያኒ፣ በናትሽ እንሂድ» አለች ሶሊ። የወተት ሣጥን ገልብጣ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። «ባሱ ሊያመልጠን ነው።»

«አምስት ደቂቃ።»

«አምስት ደቂቃ ያልሽው ከግማሽ ሰዓት በፊት ነው። ሲሪየስሊ!»

ያሉበት ምድር ቤት አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ያኔት ከምትኖርበት የአፓርታማ ግቢ ጀርባ ነው። ድሮ ነዋሪው ልብስ የሚያጥብበት ነበር። ማሽኖቹ ተነቅለው ሲወጡ ጋሽ በፈቃዱ አስተዳዳሪውን ለምነው ተረከቡት፤ አሁን ከወለል እስከ ጣሪያ ሳይክል ብቻ ነው። ተከራይ ሲለቅ ዝናብ ላይ ጥሎት የሄደው፣ ልጅ አድጎበት ያነሰው፣ ጋራዥ ውስጥ አሥር ዓመት የተረሳው ሁሉ እዚያ ይገባል። ጋሽ በፈቃዱ ቅዳሜ ቅዳሜ በአሮጌ ቫናቸው እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ እየሄዱ ይሰበስቡታል። ወጣት ሳሉ ባሕር ዳር ውስጥ የፋብሪካ ሠራተኞችን ሳይክል ይጠግኑ ነበር፤ እዚህ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተው ወገባቸው አልታዘዝ ሲላቸው ወደ ጥንቱ ሙያቸው ተመለሱ። የታደሰው ሳይክል የሥራ ሰዓቱ ከመጀመሪያው አውቶቡስ ለሚቀድም ሰው በርካሽ ይሰጣል፤ ለሆቴል ሠራተኛ፣ ለፓርኪንግ ሠራተኛ፣ ለዳቦ ጋጋሪ።

ሕጋቸው አንድ ናት። እያንዳንዱ ሳይክል መሪው ላይ ካርድ ይታሰርለታል። ካርዱ ሁለት መስመር አለው፤ «የሠራው» እና «ያየው»። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ፍሬኑን፣ ጎማውንና ካቴናውን አንድ በአንድ ፈትሾ ይፈርማል። ሁለት ፊርማ የሌለው ሳይክል ከዚያ ቤት አይወጣም።

ያኔት በአራተኛው ሙከራዋ ሽቦውን አስገባችው። አዲስ ሽቦ ግን አልነበረም። ሣጥኑ ባዶ ስለሆነ ከተጣለ ሳይክል ነቅላ ያወጣችው ነው፤ ጫፉ አካባቢ ሁለት ቀጫጭን ክሮቹ ተበጥሰው እንደ ጢም ቆመዋል። አይታቸዋለች። ሌላ ቀን ቢሆን ወርውራው ሌላ ትፈልግ ነበር። ከሐሙስ ጀምሮ ግን ትንሹ ወንድሟ ማቲያስ ትኩሳት ይዞት ሲያለቅስ ያደረው በእሷ እቅፍ ነው፤ እናታቸው በሁለት ሥራ መሃል ቤት የምትገባው ለመተኛት ብቻ ነው። ሰኞ ደግሞ የኬሚስትሪ ፈተና አለ።

ሰኞ ሽቦ ሲመጣ እቀይረዋለሁ፤ እስከዚያ ማን ይወስደዋል? አለች። ጮክ ብላ ለሶሊ ነግራት ይሁን በልቧ ብቻ አስባው፣ በኋላ ማስታወስ አልቻለችም። ጋሽ በፈቃዱ ሲመለሱ «ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» እንዳይሏት «የሠራው» በሚለው መስመር ላይ ስሟን ጻፈች፤ ከዚያም እጇን ልትታጠብ ሄደች።

*

እሑድ ከሰዓት በኋላ ያኔት ማቲያስን አስተኝታ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳቸው ላይ ወጣች። ወደ ታች ተመለከተች።

እትዬ እታለማሁ በአረንጓዴው ሳይክል የመኪና ማቆሚያውን ይዞሩታል።

እትዬ እታለማሁ ሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። የሚሠሩት አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላና ፎጣ በማጠብ ነው፤ ሥራ የሚገቡት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት። በመኪናዋ ትወስዳቸው የነበረችው የሥራ ባልደረባቸው ወደ ውድብሪጅ ከተዛወረች ወዲህ በጨለማ ሃምሳ ደቂቃ በእግራቸው ይሄዳሉ። ሳይክል በሕይወታቸው ነድተው አያውቁም ነበር። ያስተማረቻቸው ያኔት ናት፤ ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ ሰው እንዳያያቸው ከሕንፃው ጀርባ ተደብቀው። ስንት ጊዜ ወደቁ! በወደቁ ቁጥር እየሳቁ ይነሱና «ይብላኝ ለአስፋልቱ!» ይላሉ። ዝቅ ያለውን አረንጓዴ ሳይክል ያኔት የመረጠችው ለእሳቸው ነበር።

አሁን ወይን ጠጅ ጃኬታቸውን ለብሰው፣ የራስ ቁራቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው፣ ወደ መውጫው ቁልቁለት ዞሩ።

«እትዬ! እዚያ ጋ አይሂዱ!»

አልሰሟትም። ወይም ሰላምታ መስሏቸዋል፤ አንድ እጃቸውን ብድግ አድርገው አውለበለቡላት። ከዚያ ሳይክሉ መፍጠን ጀመረ። ፍሬኑን ሲጨብጡ ያኔት ከላይ ሆና አየች። ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነበር። ሳይክሉ አልቆመም፤ እትዬ እታለማሁ መንገድ ላይ ላለመውጣት መሪውን ጠመዘዙና ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ካለው ቁጥቋጦ ጋር ተላተሙ። የኋላ ፍሬን ነበረው። በድንጋጤ ጊዜ ማን ያስታውሰዋል?

ያኔት ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አታውቅም። ስትደርስ ጎረቤታቸው አቶ ሙሉዓለም ቀድመው እያነሷቸው ነበር።

«እኔ ድሮም ብዬዎታለሁ» አሉ አቶ ሙሉዓለም፣ ቅጠሉን ከጃኬታቸው ላይ እያራገፉ። «በዚህ ዕድሜ ሳይክል! ተርፈዋል እንጂ እኮ አልቆልዎት ነበር።»

«እውነትዎን ነው» አሉ እትዬ እታለማሁ። ግራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይዘዋል፤ አንጓቸው ማበጥ ጀምሯል። አልሳቁም። «ጥፋቱ የኔ ነው። እንደ ልብስ ጨምቄ በጠስኩት።» ከዚያ ያኔትን አዩዋት። «ልጄ፣ ስንት የለፋሽበትን! ይቅር በይኝ። ይሄ የኔ ነገር አይደለም። ለሌላ ሰው ስጡት፣ እሺ?»

ያኔት ሳይክሉን አንስታ እየገፋች ወደ ምድር ቤቱ ወሰደችው። ሽቦው የተበጠሰው እዚያው ነው፤ ጢሙ የነበረበት ቦታ። ካርዱ መሪው ላይ እንደታሰረ ነው። «የሠራው፦ ያኔት። ያየው፦ ሶሊ።»

ለሶሊ ደውላ የእትዬ እታለማሁን መውደቅና ያሉትን ነገረቻት።

«አንቺ ፈርመሽ ስላየሁ ነዋ የፈረምኩት!» አለች ሶሊ። «አንቺ ስትሠሪ ተሳስተሽ አታውቂም። ማታ ጋሼ ደውለው ቼክ አድርገሽዋል ወይ አሉኝ፣ አዎ አልኳቸው። ምን ልበል?»

«እጃቸው ተጎድቷል፣ ሶሊ።»

«ተሰብሯል?»

«ወለምታ ነው መሰለኝ።»

«ራሳቸው ጥፋቱ የኔ ነው ብለዋል አላልሽም? በቃ፣ አለቀ። ያኒ፣ ፕሊስ። ጋሼ ለምመዘገብበት የሰመር ፕሮግራም የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ነው። ዓርብ ያልቃል ጊዜው። አንድ ሳምንት ዝም በይልኝ።»

ያኔት እሺም እምቢም ሳትል ስልኩን ዘጋች። አልጋዋ ላይ የኬሚስትሪ መጽሐፏን ከፍታ ያንኑ ገጽ አራት ጊዜ አነበበችው። ድካሙ ከአጥንቷ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ዝም ማለት ቀላል ነበር፤ ምንም ማድረግ አይጠይቅም፤ መተኛት ብቻ።

አመሻሹ ላይ እናቷ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተዘረጋች።

«እታለማሁን ደረጃው ላይ አገኘኋት» አለች ዓይኗን ጨፍና። «እጇን አስራለች። ነገ በእግሯ ልትሄድ ነው። ላድርስሽ እንዳልላት የኔ ሥራ በዚያኛው ወገን ነው… ምስኪን። ‹ሞኝ ነኝ፤ የልጅ ነገር አማረኝ› ትላለች።»

ያኔት ተነሣች።

«የት ነው?»

«እሳቸው ጋ። አሁን እመለሳለሁ።»

*

እትዬ እታለማሁ በሩን የከፈቱት በቀኝ እጃቸው ነው። ቴሌቪዥኑ ያለ ድምፅ ይሠራል።

«ግቢ፣ ግቢ። ምነው? ልጁ ባሰበት?»

«አይ፣ ደህና ነው።» ያኔት በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ከተቀመጠች እንደማትናገረው ገብቷታል። «እትዬ፣ እርስዎ አይደሉም የበጠሱት።»

«ምኑን?»

«የፍሬኑን ሽቦ። አሮጌ ነው ያስገባሁት። ተበጣጥሶ ነበር፤ እያየሁት ነው ያስገባሁት። ሰኞ እቀይረዋለሁ ብዬ… ደክሞኝ ነበር።» ደክሞኝ ነበር ስትል የራሷ ድምፅ አስጠላት።

ያኔት ወለሉን ማየት ጀመረች።

«እያየሽው?» አሉ እትዬ እታለማሁ።

«አዎ።»

«መኪና ቢመጣስ? እ? ያ መንገድ ላይ መኪና ቢመጣ ኖሮስ?» «እኔ እኮ አንቺን አምኜ ነው የወጣሁበት! ስለ ሽቦ እኔ ምን አውቃለሁ? አንቺን ነው የማውቀው።»

ያኔት እንባዋ መጣ፤ ግን አልጠረገችውም። ለማባበል እንዳይመስልባት ፈራች። እትዬ እታለማሁ ዞረው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ የታሰረ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው ብዙ ጊዜ አዩት።

«እስቲ ድገሚው» አሉ።

«ምኑን?»

«መጀመሪያ ያልሽውን።»

«እርስዎ አይደሉም የበጠሱት።»

«ደህና ነበር የምነዳው?»

«በጣም ደህና ነበር። ከላይ ሆኜ አይቼዎታለሁ። ኩርባውን እንኳ ሳይንገዳገዱ ነው የዞሩት።»

እትዬ እታለማሁ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ፊታቸው አልፈታም፤ ይቅር አልኩሽም አላሉም። «ለሌላ ሰው እንዳትሰጡት» አሉ ብቻ። «እጄ ሲሻለው እመጣለሁ። ስትሠሪው ግን ቁሜ እያየሁ ነው። በይ አሁን ሂጂ፤ ልተኛበት፤ በሌሊት ነው የምነሣው።»

*

ሰኞ ያኔት ፈተናውን እንደ ነገሩ ሠራችው። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች።

ጋሽ በፈቃዱ አዲሱን የሽቦ ጥቅል እየፈቱ ነበር። የእትዬ እታለማሁን መውደቅ ከአቶ ሙሉዓለም ሰምተዋል፤ የሰሙት ግን «ሴትዮዋ አቅቷቸው» ተብሎ ነው። ያኔት የራሷን ጥፋት ሁሉ ነገረቻቸው፤ የሶሊን አላነሣችም። ሲያዳምጡ መፍቻውን አላስቀመጡም። አልጮኹም። በአንድ ጊዜ ግን ያረጁ መሰሉ።

«የኔም ነው» አሉ። «ሽቦ ሳያልቅ ማዘዝ ነበረብኝ። ደግሞ ሳላየው በስልክ ጠይቄ ሰጠሁ።» መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ሶሊ አላየችውም ማለት ነው እንግዲህ።»

ያኔት ወደ ሳይክሉ ዞራ የተበጠሰውን ሽቦ መፍታት ጀመረች።

ጋሽ በፈቃዱ ከመደርደሪያው ላይ ደብተራቸውን አውርደው ገለጡ። «ካለፈው ወር ጀምሮ ከዚህኛው ሌላ ዘጠኝ ሳይክል ላይ ‹ያየው› ብላ ፈርማለች። ዘጠኝ ሰው ነው፣ ልጄ። ነገ ጠዋት ሁሉም በጨለማ ይወጣሉ። አብራችሁ ነው የምትውሉት፤ የትኞቹን በትክክል አይታለች? የትኞቹንስ ተቀምጣ ነው የፈረመችው?»

ያኔት ታውቃለች። ቢያንስ አራቱን ታውቃለች። ሶሊ ሳትፈትሽ ስትፈርም አይታ፣ ስቃ አልፋለች።

«አሥር ደቂቃ ይስጡኝ» አለች። ወደ ደረጃው ወጣችና ደወለች።

«ነገርሻቸው» አለች ሶሊ ገና ስልኩን ስታነሣ።

«የኔን ነገርኳቸው። ያንቺን ራስሽ ንገሪያቸው። አሁን ነይ፤ ወይም ደውይላቸው። ዘጠኙን ሳይክል እየጠየቁኝ ነው።»

«ስኒች ልትሆኚ ነው? በኔ ላይ ልታሳብቂ?»

«እትዬ እታለማሁ ዛሬ እጃቸውን አስረው በእግራቸው ነው የሄዱት፣ ሶሊ። ሌሎቹ ደግሞ ገና አልወደቁም።»

ከሶሊ ጀርባ ሰው እየጠራት ነው፤ እናቷ ሳትሆን አትቀርም። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ያኔት ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። ነገ ምሳ ሰዓት ማን ጋ እንደምትቀመጥ አሰበች፤ ማሰቡም ደከማት። አሥራ ሁለት ደቂቃ ቢያልፍም ማንም አልደወለም፤ ማንም አልመጣም። ሱሪዋን አራግፋ ተመልሳ ወረደች።

«አራቱን አውቃቸዋለሁ» አለች። «ግራጫውን፣ ሁለቱን ሰማያዊና ቅርጫት ያለውን። ሌሎቹን እርግጠኛ አይደለሁም፤ እነሱንም ብናያቸው ይሻላል።»

ጋሽ በፈቃዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ቁጥሮቹን በደብተሩ ላይ እየፈለጉ ሳለ፣ ያኔት እጇን ዘረጋች።

«እኔ ልደውል።»

ለአፍታ አይተዋት ስልኩን ሰጧት። የመጀመሪያው ስም ኪዳኔ ይላል፤ የዳቦ ቤት ሠራተኛ። ስልኩ አራት ጊዜ ጠራ። ከዚያ ከእንቅልፉ የነቃ የሚመስል የሰው ድምፅ «ሄሎ?» አለ።

«ሄሎ፣ ይቅርታ ቀሰቀስኩዎት። ያኔት እባላለሁ፤ ከሳይክል ቤቱ ነው። ነገ ጠዋት ከመውጣትዎ በፊት…»